ትንሽ የሚቀረው ሳንቃ

ሠናይት የስፌት መኪናዋን በነጠላ ጠቅልላ፣ ታቅፋ ወደ ቤቷ መመላለስ ከጀመረች ሦስት ዓመት አልፏታል። አሶሳ ውስጥ እሷን የማያውቅ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኛት ሕፃን የታቀፈች ይመስለውና “እግዜር ያሳድግልሽ” ይላታል። የሚያውቃት ደግሞ “ዛሬም በሩ አላለቀም?” ብሎ ይጠይቃታል። ሁለተኛው ይብሳል።

በሩ የሱቋ በር ነው። የሠራው ባሏ ምንያህል ነው፤ ሠራው ከተባለ። ሳንቃውን አስተካክሎ ላገው፣ ማጠፊያውን ገጠመ፣ ቀለሙን ሁለት ጊዜ ቀባ። ጓጉንቸሩ የሚንጠለጠልበት ብረት ብቻ ሲቀር፣ ብረቱን ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ሰቅሎ “ትንሽ ይቀረዋል” አለና ሄደ። ይኸው እስካሁን ትንሽ ይቀረዋል። የማይቆለፍ ሱቅ ውስጥ መኪና ጥሎ አይታደርም፤ ስለዚህ ጠዋት ታቅፋ ትመጣለች፣ ሲመሽ ታቅፋ ትመለሳለች። ትከሻዋ በግራ በኩል ዝቅ ብሏል። ቀሚስ የምትሰፋላቸውን ሴቶች ስትለካ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ ትላለች፣ ራሷ ግን ቀጥ ብላ መቆም ትታለች።

ምንያህል የፊዚክስ መምህር ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፣ ክፉን ሰው ጠልቶ መገላገል ይቻላል። ከዳንግላ ተመድቦ ሲመጣ ተከትላው መጣች፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሆናቸው። በእነዚህ ዓመታት ግቢያቸው ጣሪያ የሌለው የዶሮ ቤት፣ ሦስት እግር ያለው ጠረጴዛና በፀሐይ ያበስላል የተባለ፣ ግን ውሃ እንኳ ለብ አድርጎ የማያውቅ ሣጥን አፍርቷል። የጀመረው ሁሉ ደስ ይላል። ሊያልቅ ሲል ግን እጁ ይዝላል፣ ዐይኑ ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል። ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ የተረፈውን ሁሉ በወረቀት ጠቅልሎ “አንቺ ጋ ይቀመጥልኝ” እያለ ያስታቅፋታል። እሷም አዝራር የምታጠራቅምበት ቆርቆሮ ውስጥ ትወረውረዋለች።

በታኅሣሥ አንድ ቀን ስልኩን ይዞ ሱቋ ድረስ እየሮጠ መጣ።

“ሠኒ፣ እስቲ ይኼን እዪ!”

አየች። አንድ ሰው አራት ጎማ ያለው ሳንቃ ላይ ቆሟል። ከፊቱ ሰማይ ላይ የድንኳን ያህል ጨርቅ ተነፍቶ በገመድ ይጎትተዋል። ካይት ነው የሚሉት። ሰውዬው ድንገት ከነሳንቃው ከመሬት ተነሳ፣ አየር ላይ አንዴ ዞረ፣ ተመልሶ በጎማው አረፈና ሄደ።

“እና?” አለች።

“እሠራዋለሁ። ከጥር በኋላ በባምባሲ መንገድ ያለው ሣር ሲቃጠል ሜዳው ይገለጣል። ነፋስ እንደሆነ ከሰዓት በኋላ ሞልቷል።”

ሠናይት አፏ ውስጥ መርፌ ይዛ ስለነበር ዝም አለች። ያቺ መርፌ ባትኖር ኖሮ ትዳሩ የዚያን ቀን ያበቃለት ነበር።

ሥራው በሥዕል ተጀመረ። ምንያህል የሳንቃውን ቅርጽ ወረቀት ላይ ሲስል ግራው ከቀኙ አልገጥም ይላል። ያጠፋል፣ ይለካል፣ ደግሞ ይስላል። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆነ። በመጨረሻ ሠናይት አንገሸገሻትና ካርቶኑን ከእጁ ነጠቀችው፤ መሐሉ ላይ አጠፈችው፣ ግማሹን ብቻ ስላ በመቀስ ቆረጠችና ዘረጋችው። ሁለቱ ጎን እኩል ሆነ። ልብስ ሰፊ ሁሉ ጀርባን የሚቆርጠው እንደዚያ ነው።

“እንዴት አላሰብኩትም!” አለ በደስታ። ይኼ ደስታው ነው የሚያበሽቃት። ሰው ሲሸነፍ ትንሽ እንኳ ያኮርፋል።

ካርቶኑን ይዘው ወደ ሙዳሲር ሄዱ። ሙዳሲር ከሽመል፣ ከቆላ ቀርከሃ፣ ወንበርና አልጋ የሚሠራ ሽማግሌ ነው፤ ሱቁ ከሠናይት ሱቅ ሁለት ቤት አልፎ ነው። የበርታ ሰው ነው፤ አማርኛ ሲናገር ወንዱንም ሴቱንም “አንተ” ይላል፣ ማንም አይቀየመውም። ካርቶኑን አገላብጦ አየው።

“ወንበር ነው?”

“የሚቆሙበት ነው” አለ ምንያህል። “ሲረግጡት ትንሽ የሚተጣጠፍ፣ ግን የማይሰበር። ሽመሉን በስስ በስሱ ሰንጥቀን በኮላ እናነባብረዋለን።”

“እሺ። ሦስት ዓመት የሞላው ሽመል፣ አሁን በበጋው እቆርጣለሁ። ወንዝ ውስጥ ይተኛል፣ ከዚያ ጥላ ውስጥ ይደርቃል። ሁለት ወር ቆይ፣ ቲቸር።”

“ሁለት ወር? እዚያ የተከመረውስ?”

“እሱ በክረምት የተቆረጠ ነው። ነቀዝ ይበላዋል። ወላሂ ለዶሮ ቤት እንኳ አልሰጥህም።” ወደ ሠናይት ዞረ። “ሠናይት፣ አንተ ንገረው።”

ሠናይት ነገረችው። ምንያህል መቼ ሰምቶ! ከክምሩ መርጦ ወሰደና ራሱ ሰነጠቀው፣ ራሱ ኮላ ቀባው። በሦስተኛው ሳምንት ሳንቃው ሥር ዱቄት የመሰለ ነገር መፍሰስ ጀመረ። ጆሮ ለሰጠው ነቀዙ ሲበላ ይሰማል። ሠናይት ቤቱን ስትጠርግ፣ ያንን ዱቄት ወደ አካፋው ስትሰበስብ፣ የምትለውን ሁሉ እዚህ መጻፍ አይቻልም።

ሁለተኛውን እንዳይሰበር ብሎ አወፈረው። ሁለቱም አንድ ላይ ቆመው ቢዘሉበት ንቅንቅ አላለም። ግትር ሆኖ ቀረ። ጎማዎቹ ከዕቃ መግፊያ ጋሪዎች የተፈቱ ትንንሽ ባለ አየር ጎማዎች ነበሩ፤ ሳንቃው ወደ ጎን ሲዘነብል እንዲታጠፉ ከብረታቸው ሥር የአሮጌ ሞተር ሳይክል ላስቲክ ገብቶላቸዋል። ግን ሳንቃው ካልዘነበለ ጎማ ከየት አባቱ ይታጠፋል? ቀጥ ብሎ ሄዶ የጎረቤት አጥር ውስጥ ገባ።

ሦስተኛው የሙዳሲር ነው። ሽማግሌው ሁለት ወሩን ቆጥሮ፣ የደረቀውን ሽመል እንደ ጣት ጥፍር በስሱ ሰንጥቆ አነባበረው፤ ጫፍና ጫፉ ቀና እንዲል በሁለት ጎባጣ እንጨቶች መሐል ከቶ በጎማ ላስቲክ ጠፍሮ አሰረው። ሲፈታው ሠናይት እንኳ ሳታስበው እጇን ዘርግታ ዳሰሰችው። የማር ቀለም ነበረው። ሲረገጥ ዝቅ ይላል፣ ሲለቁት ይመለሳል።

እሷ ደግሞ በዚህ መሐል ካይቱን ሰፍታለች። የምታጉረመርመው እጇ ሥራ ሳይፈታ ነው። ስስ የድንኳን ሸራ፣ ድርብ ስፌት። እሱ በስልኩ ያየውን ይዞ ይመጣና “እዚህ ጋ ትንሽ ጥበት” ይላል፣ ትፈታለች፤ በማግሥቱ “አይ፣ እንደነበረው” ይላል። በአራተኛው ጊዜ መቀሱን አነሳችና “ካሁን በኋላ የምትነካው ነገር ካለ ጣትህን ነው የምቆርጠው” አለችው። ካይቱ የዚያን ቀን አለቀ።

የቀረው የእግር ማሰሪያ ነበር። ምንያህል ከሁለት የቆዳ ቀበቶዎች ሠራው፤ ከነዘለበቱ።

“ጠበቀ” አለች ሠናይት።

“መጥበቅ አለበት። አየር ላይ ሳለሁ ሳንቃው ከእግሬ ቢለይስ?”

“ስትወድቅስ? ብብቱ ላይ ልቅ ያልተተወለት ሸሚዝ እጅ ባነሳህ ቁጥር ይቀደዳል። የሆነ ቦታ መልቀቅ አለበት፣ አንተ ሰው!”

“ይኼ ሸሚዝ አይደለም፣ ሠኒ።”

የመጋቢት መጀመሪያ ቅዳሜ ሦስቱም ባምባሲ መንገድ ወጡ። ሜዳው ተቃጥሎ ጥቁር ሆኗል። ካይቱ አንዴ ተርገበገበ፣ ተነፋ፣ ከፍ አለ። ምንያህል ሄደ። ሠላሳ እርምጃ ያህል በእውነት ሄደ። ከዚያ ነፋሱ በድንገት በረታና ወደፊት ወረወረው። የገመዱን እጀታ ሲለቀው ካይቱ ወደቀ፤ ሳንቃው ግን ከእግሩ አልለቀቀም። እየተጠመዘዘ አብሮት ተንከባለለ። ሲቆም ምንያህል እንደ ተገለበጠ ጥንዚዛ በጀርባው ተኝቶ ይጮኻል፤ ቀበቶው በቁርጭምጭሚቱ ላይ ከሮ ዘለበቱ አልፈታ ብሏል። ሠናይት ከቦርሳዋ መቀስ አውጥታ ሮጠች። ሁለቱንም ቀበቶዎች ቆረጠቻቸው። ፊቱ ጥላሸት ብቻ ነው፤ ጥርሱ ይታያል።

“ሸሚዝ አይደለም፣ አይደል?” አለችውና እንባዋ መጣ። እንባው የንዴት ነው ብላ ራሷን አሳመነች። አልነበረም፤ ደንግጣ ነበር።

እግሩ አልተሰበረም። እያነከሰ ሁለት ሳምንት አስተማረ። በዚያ ጊዜ ሠናይት ማሰሪያውን ራሷ ሠራችው። የአሮጌ ትምህርት ቤት ቦርሳ ትከሻ ማንገቻ፣ ውስጡ ስፖንጅ ያለው፣ እንደ ቅስት ከፍ አድርጋ አቆመችው፤ ማጥበቂያውን በተለጣፊ ጨርቅ አደረገችው። እግር ሲገባበት ይይዛል፤ ሰው በኃይል ሲወድቅ ግን ቸርር ብሎ ይለቃል። መቶ ጊዜ ያህል በራሷ እግር ሞከረችው።

በመጋቢት መጨረሻ እንደገና ወጡ። ምንያህል ሄደ፣ ታጠፈ፣ ተመለሰ። አንዴ ወደቀ፤ ማሰሪያው ለቀቀው፣ ተነስቶ ሱሪውን አራገፈ። እንደገና ሄደ። ነፋሱ ሲነሳ ካይቱን ወደ ላይ ሳበው፤ አራቱም ጎማ ከመሬት ተነሳ። ከጉልበት አይበልጥም። አልዞረም፣ አልተገለበጠም። ግን ተነሳ፣ መጥቶም በጎማው አረፈ።

“አላህ!” አለ ሙዳሲር። “ያ የኔ ሽመል ነው!”

ሠናይት በሁለት እጇ አፏን ይዛ ቆመች። ምንያህል ከጀመራቸው ነገሮች አንዱ አልቆ ስታይ በትዳር ዘመኗ የመጀመሪያዋ ነበር። እሑድን ሙሉ ደስ ብሏት ዋለች።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ክር ረስታ ወደ ቤት ብትመለስ፣ ሳንቃው ግቢው መሐል ተገልብጧል። ምንያህል መፍቻ ይዟል። ሦስቱ ጎማዎች መሬት ላይ ናቸው።

“ኋለኛውን አራት ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ባስገባው እኮ አየር ላይ ይዞራል። ትንሽ ነው የሚቀረው።”

ሠናይት ክሩን ረሳችው።

“አንተ ሰው! አልቆ ነበር! በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ አልቆ ነበር! ምን አደረገህ? ማለቁ ምን በደለህ?”

ምንያህል መፍቻውን አስቀመጠ። “ሲያልቅ ሰው ያየዋል” አለ። “አይቶም ይፈርዳል። ትንሽ ይቀረዋል ካልኩ ግን ማንም ምንም አይለኝም። ገና ነዋ።”

“እኔ እኮ ያላለቀውን ሳይ ሦስት ዓመት ፈርጄብሃለሁ! በየቀኑ! በዚህ ትከሻዬ!”

ትታው ወደ ሱቋ ተመለሰች። ለአንዲት ደንበኛ ቀሚስ አዝራር ፈልጋ ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው፤ ከአዝራሮቹ መሐል የተጨማደደ ወረቀት ወደቀ። ፈታችው። አራት ብሎን ነው። ወረቀቱ ላይ በምንያህል ጽሑፍ “የሱቅ በር” ይላል።

ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ የተራገመችባቸው ብሎኖች ከእጇ አንድ ክንድ ርቀው ተቀምጠው ነበር። ብረቱም ከበሩ ጀርባ ምስማሩ ላይ አቧራ ለብሶ ተንጠልጥሏል። ታዲያ እሷስ ምን ስትጠብቅ ነበር? ማንን ልታሳፍር ነበር በየቀኑ ያንን መኪና ታቅፋ የተጓዘችው? በራሷ ተናደደች፤ ከዚያ ብቻዋን ሳቀች፤ ከዚያ ከሙዳሲር ካቻቢቴ ተዋሰች። ሩብ ሰዓት አልፈጀባትም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መኪናውን ጠረጴዛው ላይ ትታ ጓጉንቸሩን ቆለፈችና ባዶ እጇን ወደ ቤት ሄደች። ክንዷ የሚይዘው ነገር አጥቶ ሲያስቸግራት ነጠላዋን አጥፋ አቀፈች።

ምንያህል ግቢው ውስጥ እዚያው ነው። ሦስቱን ጎማዎች በነበሩበት መልሷቸዋል። አራተኛውም ቦታው ላይ ነው፤ የመጨረሻዋ ዳዶ ግን መዳፉ ውስጥ አለች፣ ያገላብጣታል። ባዶ እጇን ሲያያት ተነስቶ ቆመ።

“መኪናው የት አለ?”

“ሱቅ። በሩን ቆልፌዋለሁ።”

ሠናይት የዳዶዋን መልክ ታውቃለች፤ ነገ በወረቀት ተጠቅልላ ወደ ቆርቆሮዋ የምትመጣ ናት። ወስዳ ራሷ ብታጠብቃት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እጇን ግን ሰብሰብ አደረገችና በርጩማ ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

“እየጠበቅሁ ነው” አለችው።

ዳዶዋን አስገባ። መፍቻውን አዞረ፣ ቆም አለ፣ ቀና ብሎ አያት፣ ደግሞ አዞረ። አልዞር እስኪለው ድረስ አጠበቃት።

“አለቀ?” አለች።

ላቡን በክንዱ ጠረገ። ሳንቃውን በጎማው አቆመው፣ በእግሩ ገፋ አደረገው፤ ሄዶ ጣሪያ የሌለውን የዶሮ ቤት ነክቶ ቆመ። ምንያህል አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ።

“አለቀ” አለ።