የሁለት ሚሊ ሜትር ጣጣ

በያጇ በሠላሳ ስምንት ዓመቷ ምህንድስና አንደኛ ዓመት ገባች። የክፍል ጓደኞቿ፣ ልጆቿ ለመሆን ትንሽ የቀራቸው ጎረምሶችና ኮረዶች፣ «እትዬ» ይሏታል። ሒሳቡንም ፊዚክሱንም ጥርሷን ነክሳ ተወጣችው። የጣላት፣ ጉድ እኮ ነው፣ እጄ ላይ ነው ብላ የናቀችው የምህንድስና ሥዕል ሆነ።

ፈተናው ርዝመቱ መቶ ሃያ ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ድጋፍ ሳሉ ይላል። እሷ መቶ ሃያ ሁለት አድርጋ ሳለችው።

«ይቺ ሁለት ሚሊ ሜትር ከየት መጣችብዎ?» አላት መምህሩ።

«ብረት ሲቆረጥ ዲስኩ ይበላዋል፤ ሲበየድ ደግሞ ይሰበሰባል። አባቴ ሁለት ሳትጨምሩ እንዳትቆርጡ ብሎ ነው ያሳደገን።»

«ወረቀት ዲስክ አይበላውም፣ እትዬ።»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እሷ ግን አልሳቀችም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ድጋሚ ትፈተናለች፤ ያንን ከወደቀች ትምህርቱ አበቃለት ማለት ነው። «ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልወድቅም!» አለች።

በየምሳ ሰዓቱ ብየዳ ቤቷ ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግታ ትስላለች። እጇ ግን ሁለቷን ሳይጨምር አላቆምም ብሎ እምቢ አለ። እውነቱን ለመናገር እጇ ብቻ አይደለም፤ በልቧም ጥፋተኛው መምህሩ ነበር።

ፈተናው አራት ቀን ሲቀረው የመስኮት ፍርግርግ ታዘዘች። እስከዚያ ቀን ድረስ ራሷ ለክታ ራሷ ነበር የምትቆርጠው። አሁን የተማረች ናትና በወረቀት ስላ፣ የለመደችውን ሁለት ጨምራ፣ አብሯት ለሚሠራው ወንድሟ ሰጠችውና ክፍል ሄደች። ስትመለስ ወንድሟ ላብ በላብ ሆኖ ጠበቃት።

«አልገባ አለ! ሁለት ሚሊ ሜትር ተርፏል!»

«ስንት አድርገህ ቆረጥከው?»

«አንቺ ከጻፍሽው ላይ ሁለት ጨምሬ ነዋ! እኔስ የአባባ ልጅ አይደለሁም?»

ተናደደች። ቆይታ አፈረች። ለካ ወረቀቱ የሚናገረው ስላለቀለት ዕቃ ነው፤ ዲስኩ የሚበላውን መጨመር የቆራጩ ፋንታ ነው። እሷ ግን ቆራጩን አላመነችውም። ፍርግርጉን በሞረድ ስታስተካክል ዋለች።

በድጋሚው ፈተና እጇ እንደ ልማዱ ሊያልፍ ሲል መቶ ሃያ ላይ ያዘችው። መምህሩ ማስመሪያውን አንስቶ ለካ፤ አላመነምና ደግሞ ለካ።

«እትዬ፣ ሁለቷ ሚሊ ሜትር የት ገባች?»

«ወንድሜ ጋ ናት» አለች፤ «እሱ አይረሳትም።»