ሁለት ጣት ክፍተት

«እትዬ ቀስ-በይ» የሚለውን ስም ያወጡላት አብረዋት የሚሠሩት የሳጥን ፋብሪካው ሴቶች ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የማሸጊያው ጠረጴዛ ተቆጣጣሪ ሆና፣ አንዲት ሠራተኛ ያለቀለትን ሳጥን ጠረጴዛው ላይ ገፋ ባደረገች ቁጥር «ቀስ በይ የኔ ልጅ! አንስተሽ አስቀምጪው እንጂ አትጎትቺው፤ እምቢ ያለ በሬ አይደለም» ትላለች። ስሙን ስትሰማ አልተቀየመችም። እንዲያውም ከእውነተኛ ስሟ ይልቅ በሱ ብትጠራ ቶሎ ዞር ትላለች።

ፋብሪካው የሚሠራው ጠንካራ ሳጥን ነው። ወፍራም ግራጫ ካርቶን ይቆረጣል፣ ማዕዘኑ ይጣበቃል፣ ከዚያ በላዩ ላይ ያማረ ወረቀት በሙጫ ይለበጣል። ሽቶና የእጅ ሰዓት የሚሸጡ ናቸው የሚገዙት። እነሱ የሚፈልጉት ደንበኛው ገና ክዳኑን ሳያነሳ ልቡ እንዲሸፍት ስለሆነ፣ የተለበጠው ወረቀት ላይ የጥፍር ስባሪ የምታህል ጭረት ከወጣች ሳጥኑ አለቀለት።

አንድ ጊዜ አንድ የሽቶ ነጋዴ ጥቁር፣ የማያብረቀርቅ ሳጥን አዘዘ። ጥቁር ደግሞ ነውር አይሸሽግም። ሦስተኛው ጭነት ደርሶ ሳምንት ሳይሞላው ከመቶው ሃያው ተመለሰ። የሳጥኖቹ ጎን ተፋትጎ፣ ያለ ዕድሜው የመጣ ሽበት የመሰለ ነገር አውጥቷል።

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲጨንቀው ግን የሚይዘው የሚጨብጠው ይጠፋዋል። ሴቶቹን ሰብስቦ «እጃችሁን አሳዩኝ» አለ። በተርታ ሲያይ ሄዶ ሄዶ አንዲት ልጅ ዘንድ ቆመ። ካገባች ሁለት ወር ስለሆናት ሁሉም «ሙሽሪት» ነው የሚላት። ጣቷ ላይ ከፍ ያለች ድንጋይ ያላት ቀለበት አለች።

«ይኸው! ሌባው ተያዘ» አለ።

ሙሽሪት ከቧንቧው ሥር ጣቷን በሳሙና አሽታ ቀለበቱን አወለቀች። አላለቀሰችም፤ ሳቅ ብላ ነው ያወለቀችው። እትዬ ቀስ-በይን ያንገበገባት ያ ሳቅ ነበር። ሰው ሲያለቅስ «አይዞሽ» ይባላል፤ አፍሮ ሲስቅ ምን ይባላል?

ቀለበት ሁሉ ወለቀ፣ ጥፍር ሁሉ ተቆረጠ፤ አራተኛው ጭነት ግን እንደ ሦስተኛው ሆኖ ተመለሰ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ግን «ለማንኛውም ሙሽሪት ከሰኞ ጀምሮ ወደ መቁረጫው ክፍል ትዛወር» አለ።

እትዬ ያን ቀን ቤቷ ስትገባ ባለቤቷ እግሩ የላላ ወንበር እየጠገነ አገኘችው። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድቶ፣ ወገቡን ሲያመው ነው ጡረታ የወጣው። የሆነውን ሁሉ ዘርዝራ ነገረችው። መዶሻውን አስቀመጠና፦

«አንቺ ሴት፣ ሳጥኑን መሸኘቱን ታውቂያለሽ። ሲደርስ አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«የት አይቼው!»

«እንግዲያው የምታውቂው ግማሹን ነው። መኪና ላይ አርፎ የሚቀመጥ ዕቃ የለም። ቦታ ያገኘ ሁሉ ይጨፍራል።»

በማግስቱ ዓይኗን በጨው ታጥባ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። «ከጭነቱ ጋር ልሂድ» አለችው።

«እትዬ፣ ሽርሽር አማረዎት?»

«ሽርሽሩንስ ጡረታ ስወጣ እደርስበታለሁ። ይቺ ልጅ ከመዛወሯ በፊት አንድ ቀን ይስጡኝ።»

ሰጣት። እሷም ሳጥኖቹ ተደርድረው ከሚጫኑባቸው ትልልቅ ካርቶኖች አንዱን ከማሸጓ በፊት በውስጡ ያሉትን አሥራ ሁለት ሳጥኖች አንድ በአንድ እያገላበጠች፣ ቂጣቸው ላይ በእርሳስ ቁጥር ጻፈች። የትኛው ከየትኛው ጎን እንደተቀመጠ ለማወቅ ነው።

መንገዱ አምስት ሰዓት ፈጀ። ግማሹ አስፋልት፣ ግማሹ የተቆፋፈረ ነው። ከሹፌሩ አጠገብ እጀታውን ጨብጣ ተቀምጣ ጥርሷ ሲንገጫገጭ «እኔ ወንበር ላይ ሆኜ እንዲህ ከተናጥኩ፣ ከኋላ ያሉት ምን ሊሆኑ ነው?» አለች። ሹፌሩ ሳቀ፤ እሷ ግን የምሯን ነበር።

የነጋዴው መጋዘን ኃላፊ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ቀጭን ሰውዬ ነው። እጁን አጣምሮ ቆሞ ያያት ጀመር። ካርቶኑን ከፈተች፣ ሳጥኖቹን እያነሳች ጠረጴዛ ላይ በየቁጥራቸው ደረደረቻቸው። ኃላፊውም ቀስ በቀስ እጁን ፈታ፣ መነጽሩን አደረገ፣ ጎንበስ አለ። መካከል የነበሩት ሁለቱ በአራቱም ጎን ተፋትገዋል። ዳር የነበሩት ግን ወደ ጎረቤታቸው የዞረው ጎናቸው ብቻ ነው የተጎዳው።

«እርስ በርሳቸው ነው የተባሉት» አለ ሰውዬው።

እትዬ ነጭ መሐረቧን አውጥታ አንዱን ጠረገችው። መሐረቡ በዱቄት ግራጫ ሆነ። ይህን ዱቄት ታውቀዋለች፤ የመቁረጫው ስለት ሲዶለድም ከካርቶኑ ጠርዝ የሚረግፍ ነው። «ለካ የአናጢ ብርጭቆ ወረቀት በመካከላቸው አስገብተን ነው የምንሸኛቸው!» አለች።

ግን ዱቄት ብቻውን አይፈትግም፤ የሚያንቀሳቅሰው ይፈልጋል። ሌላ ካርቶን ከፈተችና ምንም ሳትነካ በሳጥኖቹና በካርቶኑ ግድግዳ መካከል እጇን ሰደደች። ሁለት ጣቷ ገባ። ያኔ ፊቷ ዐመድ መሰለ።

«ምን ነካዎት? ውሃ ላምጣ?»

«ውሃስ ይቅር የኔ ወንድም። ጥፋተኛውን አግኝቼው ነው።»

«ማን ሆነና?»

ሁለት ጣቷን አሳየችው። ሰውዬው አልገባውም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። እስከ ሁለተኛው ጭነት ድረስ ካርቶኑ ጠባብ ነበር። ሳጥኑን ለማውጣት ጥፍር መስደድ የግድ ስለነበር ጠርዙ ይላጥ ነበር። ያኔ «ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑረው» ብላ የተከራከረች፣ አዲሱን ካርቶን ያሠራች ራሷ እትዬ ቀስ-በይ ናት።

ስትመለስ መንገዱን ሙሉ ነገሩን ስታወጣና ስታወርድ መጣች። የዱቄቱን ነገር ብቻ ብታወራ ማንም አይጠረጥራትም። ዱቄቱ ውሸት አይደለም። የሙሽሪትም ስም ይጸዳል። ይህን አሰበች፤ እንዲያውም ደጋግማ አሰበችው። ግን ሃያ ሁለት ዓመት የሰው እጅ ስትቆጣጠር ኖራ የራሷን እጅ ልትደብቅ?

ጠዋት ሁሉም ባለበት ጠረጴዛው ጫፍ ቆማ ከዱቄቱ ጀምራ እስከ ክፍተቱ ተናገረች። «ካርቶኑን ያሰፋሁት እኔ ነኝ። ቀለበት ያወለቃችሁት በኔ ጣት ነው» ብላ ጨረሰች።

ሥራ አስኪያጁ አንገቱን አከከና «እኔም ፈርሜበታለሁ እኮ» አለ። ቀጥሎ ወደ ሙሽሪት ዞሮ የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፣ ዘጋው፣ እንደገና ከፈተና «አንቺ እዚሁ ነሽ» አላት። ከሱ ይቅርታ ማለት ይኼ ነው።

«ካርቶኑን መልሰን ብናጠበውስ» አለች እትዬ፣ «ጥፍሩ ሊመጣ ነው። ከሁለት አንዱን መምረጥ ሊሆንብን ነው።»

«ለምን?» አለች ሙሽሪት። «ከየረድፉ ሥር ረጅም ስስ ወረቀት ዘርግተን በየመካከላቸውም ብናሳልፈው፣ ጫፉ ወደ ላይ ቢወጣ፣ እሱን ይዞ መሳብ ነው። ሳጥኑን ማንም አይነካውም።»

እትዬ ልጅቷን አየቻት። ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ጠረጴዛ ላይ ቆማ ይህ ለምን እንዳልመጣላት ገረማት።

ምሳ ሰዓት ላይ ለብቻቸው ሲሆኑ «ይቅር በይኝ» አለቻት።

«ኧረ እትዬ! እኔንስ ያስቸገረችኝ አማቴ ናት። ባዶ ጣቴን አይታ ተጣልተዋል ብላ ልታስታርቀን ሁለቴ መጣች።» ሁለቱም እስኪደክማቸው ሳቁ። ሙሽሪት ግን ቀለበቷን ሥራ ላይ መልሳ አላደረገችም፤ «ድንጋይ ድንጋይ ነው» ብላ በክር አንገቷ ላይ አሰረችው።

ከዚያ በኋላ ስለቱ በየሳምንቱ መሳል፣ የተቆረጠው ካርቶን ሳይለበጥ በፊት ጠርዙ በብሩሽ መጠረግ ጀመረ። አዲሱ ጠባብ ካርቶንም ከነስስ ወረቀቱ መጣ። የሚቀጥለው ጭነት ሲሄድ እትዬ ሦስት ቀን ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቧ ይደነግጥ ነበር። በአራተኛው ቀን የመጋዘኑ ኃላፊ ደወለ። ከአራት መቶው የተበላሹት ሦስት ናቸው፤ እነሱም የእርሱ ወዛደር ከትከሻው ጥሏቸው ነው።

«ከመደርደሪያዬ ላይ ግን ሌላ ነገር አይቻለሁ» አለ ሰውዬው፣ «የከፈትነው ካርቶን ፀሐይ ከመስኮት እየገባበት ጥቁሩ ወይቦብኛል። መጥተው ያዩልኛል?»

እትዬ ስልኩን ዘጋችና ሙሽሪትን ጠራቻት። «ልብስሽን ቀይሪ» አለቻት፣ «መኪናው ከመውጣቱ በፊት ድረሽበት። ዛሬ አንቺ ነሽ የምትሄጂው።»