ሁለት ሚስማርና አንድ ማሊያ

አሰልጣኝ ይመር አርፈዋል። ከቀበርናቸው ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀናችን ነው። ወሬው የደረሰን እዚሁ አሶሳ፣ የኮሌጃችን ሜዳ ላይ ነበር። ልጆቹ ሰውነት እያፍታቱ ሳለ ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ ደወሉልኝና «ደሳለኝ፣ ጋሼህ ጠዋት አረፉ» ብለው ስልኩን ዘጉት። ፊሽካውን ከአንገቴ አውልቄ መሬት ላይ ሳስቀምጥ ልጆቹ ገባቸው። ይህን የምጽፈው እሳቸውን ለምታውቁ ሁሉ ነው፤ ከሁሉም በላይ ግን ለአንድ ሰው ነው።

ጋሽ ይመር በሰፈራው ጊዜ ወላጆቻቸውን ተከትለው ከወሎ ሲመጡ ጢማቸው ገና ማቀምቀም ጀምሮ ነበር። የወሎ አነጋገራቸው እስከ መጨረሻው አልለቀቃቸውም። በበርታ ቋንቋ ሰላምታ ሲሰጡ ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ፤ እሳቸው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ይቀጥላሉ። ኮሌጁ ቡድን ሲያቋቁም የመጀመሪያዎቹን ግቦች ከቀርከሃ የሠሩት በገዛ እጃቸው ነው። የሮመዳን ጾም ሲገባ ልምምዱን ወደ ማለዳ ያመጡና፣ ራሳቸው ክርስቲያን ሆነው ሳለ፣ ጿሚዎቹ ሜዳ ላይ እስካሉ ድረስ ውኃ አይቀምሱም ነበር። ምነው ስንላቸው «ቤቴ ስገባ እጠጣለሁ፣ ምን ቸገረኝ» ነበር መልሳቸው።

በሥራ ላይ ያያችኋቸው ግን አንድ ልማዳቸውን አትረሱም። ግብ ጠባቂ ሲያሠለጥኑ ኳሷን አያዩም። ከመረቡ ኋላ ሄደው፣ ጀርባቸውን ለግቡ ሰጥተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆማሉ። «ዓይኔን ታታልሉታላችሁ፤ ኳሷ እጃችሁ ላይ ስታርፍ ግን እሰማታለሁ። የፈራ እጅ ድምፁ ሌላ ነው» ይሉን ነበር። አንድ ቀን ሐሚድ የሚባለው ጓደኛዬ የተመታችውን ኳስ ጥርቅም አድርጎ ያዛት። እሳቸው ሳይዞሩ «ሐሚድ፣ እናትህን አሟቸዋል እንዴ?» አሉት። ታመው ነበር፤ ሐሚድ ግን ለማንም አልተነፈሰም። በዚያው ሰዓት ልምምዱን አቋርጠው ባጃጅ ይዘው ሄዱና ሴትየዋን ሆስፒታል አደረሷቸው። ደግነታቸው አንጀቴን በላው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ኳስ በያዝኩ ቁጥር ማጅራቴን ብርድ ብርድ ይለኝ ጀመር። የሚቆሙባት ቦታ ዛሬም አለች፤ በክረምት ሣሩ ጉልበት ሲደርስ እሷ ብቻ ባዶ አፈር ናት።

ያን ጊዜ ሐሚድና እኔ የቡድኑ ሁለት ግብ ጠባቂዎች ነበርን። እሱ የአሶሳ ዙሪያ በርታ ነው፤ ዝምተኛ፣ ረጅም፣ አሰልጣኙን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ኡስታዝ» እያለ የሚጠራ። እኔ የባምባሲ ሰፋሪ ልጅ ነኝ፤ አፌ ከእጄ ይፈጥናል። በችሎታ ማን እንደሚበልጥ ቡድኑ ሁሉ ተከራክሮ አልዘለቀውም። የአንድ ቁጥር ማሊያ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር። በዕቃ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሁለት ሚስማሮች ነበሩ፤ የግራው የሐሚድ፣ የቀኙ የእኔ። በጨዋታ ቀን ጋሽ ይመር ማሊያውን በከሰል ካውያ ተኩሰው በመረጡት ልጅ ሚስማር ላይ ይሰቅሉታል እንጂ ስም አይጠሩም። «ሰው ፊት አንዱን ጠርቼ ሌላውን አላሳፍርም» ይሉ ነበር።

ከግልገል በለስ ከመጣው ቡድን ጋር ለዋንጫ የተጫወትን ዕለት አባቴ ከባምባሲ መጡ። ስጫወት አይተውኝ አያውቁም። ከአንድ ትልቅ ክለብ ተጫዋች የሚመለምል ሰውም መጥቷል ተብሏል። ማለዳ ከሁሉም ቀድሜ ወደ ዕቃ ክፍሉ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ጋሽ ይመር መረብ ሊወጥሩ ወጥተዋል። ማሊያው በግራው ሚስማር ላይ ነበር። ነካሁት፤ ከካውያው ሙቀት ገና አልበረደም። ዓይኔን በጨው አጥቤ አነሳሁትና ለበስኩት።

ጋሽ ይመር ተመልሰው ሲገቡ አባቴ ከኋላቸው ነበሩ። ሚስማሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ዞረው አባቴን አዩ።

«ልጅዎ ነው?» አሏቸው።

«አዎን፣ የእኔው ነው!» አሉ አባቴ በኩራት።

«እሰይ» አሉና ወጡ። አባቴ ባይኖሩ ያን ማሊያ ከላዬ ይገፍፉት ነበር። ሰው ፊት አላሳፍርም ማለታቸው ለእኔ ለሌባውም ሠራ።

ያን ቀን አንድም ኳስ አላለፈኝም። እሳቸው እንደ ልማዳቸው ከመረቡ ኋላ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆመው ነበር። አሸነፍን። ሁሉም እየተቃቀፈ ሲጨፍር እሳቸው ወደ እኔ መጥተው ሁለቱንም እጆቼን ያዙና «ዛሬ ስሰማው የዋልኩት ያንተን እጅ አይደለም» አሉኝ። የማን እጅ ነበር ብዬ ለመጠየቅ ድፍረቱን አላገኘሁም፤ ዛሬም መልሱን አላውቅም።

ክለቡ ወሰደኝ። ሁለት ዓመት ተጫውቼ ጉልበቴ ሲበላሽ ወደ አሶሳ ተመለስኩ፤ ጋሽ ይመርም ምንም ሳይሉ ረዳታቸው አደረጉኝ። ሐሚድ ግን ከዚያች ቀን በኋላ ጓንት አላጠለቀም፤ ጉባ ሄዶ በግድቡ ሥራ ሾፌር ሆነ። ጋሽ ይመር በየዓመቱ ልምምድ በሚጀመርበት ቀን ለብቻዬ ይጠሩኝና «ደሳለኝ፣ የምትነግረኝ ነገር የለም?» ይሉኛል። እኔም «የለም ጋሼ» እላለሁ። ስንት ዓመት እንደዚያ እንዳልን! የመጨረሻውን የጠየቁኝ አልጋ ላይ ሆነው ነው። ያንኑ መለስኩላቸው። በቀስታ ተገላብጠው ጀርባቸውን ሰጡኝ፣ ዓይናቸውንም ጨፈኑ። ድምፄን እያዳመጡት እንደነበር የገባኝ ከቤቱ ከወጣሁ በኋላ ነው።

በቀብሩ ዕለት ሐሚድ ከጉባ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠና ሳልጠይቀው፣ እንደ ድሮው ሴትና ወንድ በሚያምታታው አማርኛው ማውራት ጀመረ።

«ያን የዋንጫ ቀን እኔ በጠዋት መጣሁ፣ በመስኮት አየሁ። ማሊያ የኔ ሚስማር ላይ ነው፣ ወላሂ። ሮጥኩ፣ ለእናቴ ነገርኩ። እናቴ መጣ፣ ከመታመሙ ገና ሳይድን። ስንመለስ አንተ ለብሰሃል።»

አንገቴን ደፋሁ። እሱ ቀጠለ።

«ኡስታዝ ቀየረ አልኩ። የኔን እጅ ሰማ፣ ፈርቷል አለ ብዬ። ከዛ ኡስታዝ እኛ ቤት መጣ፣ ሦስት ጊዜ። ‹የመረጥኩት አንተን ነው› አለኝ። እኔ፣ ይሄ ለማጽናናት ነው አልኩ። ጥሩ ሰው ነው ኡስታዝ፣ ግን ያቺን አንድ ነገር ዋሸኝ። አላህ ይማረው።»

«አሜን» ብዬ ተነሳሁ። ጋሽ ይመር የሰው ስም ሳያነሱ እውነቱን ሦስት ጊዜ ሊነግሩት ሄደው፣ ውሸታም ሆነው ተቀበሩ።

ከሠልስቱ በኋላ እትዬ ዘውዴ የእሳቸውን ሣጥንና የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ ሰጡኝ። ሣጥኑ ውስጥ የከሰል ካውያውና ያ የድሮው የአንድ ቁጥር ማሊያ ተጣጥፎ ነበር፤ ቀለሙ ለቋል። ሣጥኑን ወደ ዕቃ ክፍሉ ወስጄ ከፍቼ አየሁት፣ መልሼ ዘጋሁት፣ ክፍሉንም ቆለፍኩ። ቁልፉ ከኪሴ አልወጣም።

አሁን ደግሞ በተራዬ ሁለት ግብ ጠባቂዎች አሉኝ። የቅዳሜውን ጨዋታ ማን እንደሚጀምር መወሰን አቃተኝ። ባለፈው ሰኞ ልምምድ ላይ አንደኛው ልምምዱን አቋርጦ መጣና «ኮች፣ ከኋላዬ የቆሙት ሰውዬ ማን ናቸው?» አለኝ። ዞር ብዬ አየሁ፤ ከመረቡ ኋላ ከባዷ አፈር በቀር ማንም የለም። በማግስቱ ሌላኛው ያንኑ ጠየቀኝ። ሁለቱም ጋሽ ይመር ከታመሙ በኋላ የመጡ ልጆች ናቸው፤ እዚያ ሲቆሙ አይተዋቸው አያውቁም።

ትናንት ጠዋት ዕቃ ክፍሉን ከፈትኩ። ሣጥኑ እንደተዘጋ ነው። ማሊያው ግን በግራው ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ የእጥፋቱ መስመር ጠፍቶ ልስልስ ብሎ ተተኩሷል። እጄን ዘረጋሁ። ሞቆ ነበር። ቆርቆሮው ነው ያሞቀው ብዬ ራሴን ላሳምን ሞከርኩ፤ ዝናብ ግን ገና ማባራቱ ነበር፣ ቆርቆሮውም ያንጠባጥባል። የራሴን ሚስማር ነካሁት፤ በረዶ ነው። ወጥቼ እትዬ ዘውዴ ዘንድ ደወልኩና ሌላ ቁልፍ እንዳለ ጠየቅኋቸው።

«የለም ልጄ፣ ያቺው የሰጠሁህ ናት» አሉኝ። ቀጠሉና «ምነው፣ ድምፅህ ምን ሆነ?» ሲሉ አለቀስኩ።

ሐሚድ፣ ኡስታዝህ አልዋሹህም። የመረጡት አንተን ነበር። ማሊያውን ከሚስማርህ ያነሳሁት እኔ ደሳለኝ ነኝ። እጅህ አልፈራም፤ የፈራው የእኔ ነው። እናትህ ታመው ሳሉ እንደመጡ እኔም ጉባ ድረስ መጥቼ ይህንኑ በአፌ እነግርሃለሁ፤ ይቅር ባትለኝም አልፈርድብህም። እሳቸውን ግን ይቅር በላቸው፤ የበደሉህ ነገር የለምና።

ጋሽ ይመር፣ በየዓመቱ የጠየቁኝን ጥያቄ ዛሬ እመልሳለሁ። አዎ ጋሼ፣ የምነግርዎ ነገር አለ፤ ነገርኩም። ማሊያው በሰቀሉት ቦታ ነው፣ ባለቤቱ እስኪመጣ አልነካውም። ነገ ጠዋት ከመረቡ ኋላ እርስዎ ከሚቆሙባት ቦታ ቆሜ፣ ጀርባዬን ለግቡ ሰጥቼ ሁለቱን ልጆች አዳምጣለሁ። እርስዎ ሲያዳምጡ የቆዩት ግን የእኔን ድምፅ ነበር። አሁን ሰምተውኛልና ይረፉ ጋሼ፤ ቦታዋን ለእኔ ይልቀቁልኝ።