የአባባ ስም የወጣበት ጋዜጣ

ታናሽ ወንድሜ እኔ በምኖርባት ወልቂጤ አስተማሪ ነበር። ከሥራ ሲወጣ ደግሞ ጦማሪ ነው። ኢንተርኔት ቤት ጥግ ይዞ በብዕር ስም ስለ ከተማው ይጽፋል፤ ስለ ደረቀው ቧንቧ፣ ስብሰባ ቀርተሃል ተብሎ ቀበሌ ስለሚጉላላው ሰው። ብሎጉን አገር ውስጥ እንዳይከፈት ከዘጉት ቆይተዋል፤ ወጣቶቹ ግን በምን መንገድ እንደሆነ እንጃ፣ እየተሹለከለኩ ያነቡታል። እኔ «አርፈህ ኑር! ነግ በኔ አትልም?» እያልኩ እጨቀጭቀዋለሁ። ማን ሰምቶኝ!

አባባ ቡታጅራ ልብስ ሰፊ ነው። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚመጣውን ጋዜጣ ሻይ ቤት ተከራይቶ፣ መነጽሩን ሰክቶ፣ ከዳር እስከ ዳር ሳያነብ አይመልስም። ለእሱ ወረቀት ላይ ያልወጣ ነገር የመንደር ወሬ ነው። ምስጢሩን የምናውቅ የቤት ሰዎች «ልጅህ ይጽፋል» ስንለው «የት? እስቲ አሳዩኝ!» ይላል። የተዘጋ ብሎግ እንዴት አድርገን እናሳየው? ይቺ ነገር ወንድሜን ውስጥ ውስጡን ትበላው ነበር።

አንድ ቀን ከግል ጋዜጦች አንዱ ስለ ውሃው የጻፈውን ላትመው አለ። ክፍለ ሀገር ዘጋቢ የመላክ አቅም ስላልነበራቸው ከብሎግ እያነሱ ማተም ልማዳቸው ነበር። አዘጋጁ በብዕር ስሙ ለማውጣት ተስማምቷል። ወንድሜ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ለዚች ለአንዷ ብቻ እውነተኛ ስሜን አድርጉልኝ።» የእሱ ስም ሲጻፍ የአባባም ስም ተከትሎ ይጻፋላ! ያን ሁሉ ጊዜ ተደብቆ ኖሮ፣ በገዛ አፉ።

ጋዜጣው ቡታጅራ የገባ ዕለት አባባ አልተከራየም፤ ገዛው። በጨርቅ መቁረጫው መቀስ ጽሑፉን ቆርጦ ከስፌት መኪናው በላይ ለጠፈው። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣውን ሁሉ «አንብብ፤ ልጄ ነው» ይል ጀመር። ስልክ ደውሎልኝ ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር አነበበልኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ፖሊሶች ወንድሜን ከሚያስተምርበት ክፍል ጠርተው ወሰዱት። ሁከት አነሳስቷል አሉ። ቧንቧው ደረቀ ማለት ሁከት ሆነ፣ ጉድ እኮ ነው!

ቆጮና አይብ ቋጥሬ እስር ቤት ልጠይቀው ስሄድ ከሽቦው ማዶ የሚለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «እትዬ፣ ጋዜጣው ስለ እኔ ጻፈ?» ከጻፈ ይፈራሉ፣ ይለቁኛል ብሎ ነው። አልተሳሳተም፤ የታወቀ እስረኛና ያልታወቀ እስረኛ አንድ እንዳልሆኑ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ውጭ አገር ያሉ ጦማሪዎች ጽፈውለታል አሉ። እሱን ወልቂጤ ላይ ማን ይከፍተዋል? በየጊዜው «አልጻፈም» ስለው ፊቱ እየከሳ ሄደ። አባባ ደግሞ «ስሙን ያወጡ ሰዎች ዝም አይሉም፤ ሂጂና ንገሪያቸው» አለኝ።

አዲስ አበባ ሄድኩ። አዘጋጁ ዓይኑ እንቅልፍ በማጣት የቀላ ወጣት ነው፤ ወንበር ሳበልኝ።

«እህቴ፣ ወንድምዎ ጦማሪ እንጂ የእኛ ጋዜጠኛ አይደለም። መታሰሩን የሚያረጋግጥልኝ የመንግሥት አካል ያስፈልገኛል። እነሱ ደግሞ ስልክ አያነሱም።»

«ጽሑፉን ስትወስዱስ የናንተ አልነበረም?» ብዬ ጮህኩበት።

አንገቱን ደፋ። «እኛም የምንዘጋበትን ቀን እየጠበቅን ነው» አለ።

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ከቢሮው እያለቀስኩ ወጣሁ፤ ከዚያ ሌላ የማንኳኳው በር አልነበረኝም።

በሚቀጥለው እትም ግን ስለ ወንድሜ ወጣ። የውሃ መሥሪያ ቤቱ ማስተባበያ ነው። ከሥሩ አዘጋጁ፣ ጽሑፉ ከእውነት የራቀ ስለሆነ አንባቢን ይቅርታ እንጠይቃለን ብሏል። መታሰሩን በአንዲት ቃል እንኳ አላነሱም። ስሙን ግን እስከ አባቱ አሟልተው ጽፈውታል።

አባባ ሳያየው ልድረስ ብዬ ወደ ቡታጅራ በረርኩ። ቀድሞኛል። ስፌት መኪናው አጠገብ ጋዜጣውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል።

«ልጄ ዋሽቷል እንዴ?» አለኝ።

«አባባ በሞቴ! እኔ ቤት ስትመጣ በጄሪካን ውሃ አይደል የምትታጠበው?»

«እሱንማ አውቃለሁ» አለ። «ግን ጋዜጣ ላይ ወጣ እኮ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ሱቁ ስገባ ግድግዳው ላይ የማጣበቂያው ምልክት ብቻ ነበር የቀረው።

ወንድሜ ዘንድ ስሄድ ገና ከሩቅ ሽቦውን ይዞ ቆሟል።

«እትዬ፣ ጻፉ?»

መዋሸት አልቻልኩም። እውነቱን መጨረስም አቃተኝ። «ጻፉ» አልኩት።

ከታሰረ ጀምሮ እንዲህ ሲስቅ አላየሁትም። ጣቶቹን በሽቦው ቀዳዳ አሾልኮ እጄን ያዘኝ። «አባባስ? አየው?»

«አየው» አልኩት።

ፖሊሱ «በቃ፣ ሰዓት አልቋል» አለ።