የደምሴ መዳፍ

ሰሞኑን ትንሿ ልጄ ከመዋዕለ ሕፃናት ትኩሳት ይዟት መጣች። በማግስቱ አፏ ቆሰለ፤ መዳፏና ውስጥ እግሯ ላይ ውኃ የቋጠሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ወጡባት። ባለቤቴ ከእቅፏ ሳታወርዳት «ከማን ልጅ ይሆን ያመጣችው?» አለች። ወደ ወጣትነቴ የመለሰችኝ ይህች ጥያቄ ናት።

የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መታደል የጀመረ ሰሞን ነው። እኔና ደምሴ ሚዛን ከተማ ውስጥ ቡና ማድረቂያ ላይ እየሠራን፣ እትዬ አልማዝ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ጥቅምት ቢገባም ዝናቡ አልወጣም፤ ቡናውን ስንሸፍንና ስንገልጥ እንውላለን። እትዬ አልማዝ ጠዋት ጠዋት ጨሞ ታፈላለች፤ የቡና ቅጠል ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ ጋር ነው፤ ያቃጥላል፣ ያነቃል። አንዱ ቅል ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል። ሳይቀምሱ ማሳለፍ በዚያ ግቢ ቂም እንደመያዝ ይቆጠር ነበር።

አንድ ጠዋት ደምሴ አሳለፈ።

«ምነው፣ መርዝ አደረግሁበት?» አለች እትዬ አልማዝ እየሳቀች።

«ኧረ እትዬ! አፌን አሞኝ ነው።»

ሳቋ ቶሎ ጠፋ። በየወሩ ለማንም ሳይናገር አማን ሆስፒታል ደርሶ እንደሚመለስ ሁላችንም እናውቅ ነበር። እኔ ደግሞ ከፍራሹ ሥር ክኒን አይቻለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይናችን ከእሱ ላይ አልተነሣም። ቢያስነጥስ እንተያያለን። እኔም ትራሴን ወደ በሩ አዙሬ መተኛት ጀመርኩ።

መዳፉ ላይ ነጠብጣብ ሲወጣ እትዬ አልማዝ ለብቻዬ ጠራችኝ።

«ያ በሽታ ነው። ልጄን ሲስመው ነው የሚውለው! እስከ ቅዳሜ ክፍሉን ይልቀቅልኝ።»

«የት ይሄዳል?»

«እሱ ያውቃል።»

ለደምሴ ስነግረው አልተከራከረም። «ክኒኑን መዋጥ ካቃተኝ ሰንብቷል» አለ ብቻ። ያኔ ደነገጥኩ። ትምህርት ብዙ አልገፋሁም፤ ግን ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ አነብ ስለነበር፣ ያን መድኃኒት ማቋረጥ ምን እንደሚያመጣ አውቃለሁ። ክፍል ያጣ ሰው ሌላ ክፍል ይፈልጋል፤ ይህ ግን የነፍስ ጉዳይ ነው።

በዚያ ጭቃ አማን ሆስፒታል ሄድን። ነርሷ እኔን አይታ በሩ ላይ ስታቆመኝ ደምሴ «ይግባ፣ ይስማ» አላት። መዳፉን አገላብጣ አየችና «ቤታችሁ የታመመ ሕፃን አለ?» አለች።

«የአከራያችን ልጅ አተኩሶት፣ አፉም ቆስሎ ነበር» አልኩ። «እናቱ ጥርስ ነው ብላለች።»

«ይኸው! ከልጁ ነው የያዘህ። ኮክሳኪ የሚባል ቫይረስ ነው። ሕፃናቱን ብዙም ሳይቆይ ይለቃቸዋል፤ አንተ ግን አቅምህ ገና አልጠናም፣ ሊበረታብህ ይችላል። ኤች አይ ቪ በቅል አይተላለፍም፤ ይሄ ግን በምራቅም በእጅም ይተላለፋል። ቀዝቃዛ ወተት ጠጣና ክኒኑን ዛሬውኑ ጀምር።»

ስንመለስ የደምሴን ምስጢር ሳላነሣ፣ ሽፍታው ከልጁ እንደመጣ ለእትዬ አልማዝ ነገርኳት።

«ከኔ ልጅ? ከዚህ ጨቅላ?» አለች። «አንተም እንደሱ ሳትሆን አትቀርም። ባትሆን እንዲህ አትሟገትለትም!»

በማግስቱ ቅሉ እኔንም ዘለለኝ። ሰው እጅን ሰርቆ ሲያይ ምን እንደሚሰማ ያን ጊዜ አወቅሁት።

ዓርብ ጠዋት እትዬ አልማዝ የነጠላዋን ጫፍ መዳፏ ላይ ጠቅልላ ጨሞ ስትቀዳ ነጠላው ሸርተት አለ። ነጠብጣቦቹን አየናቸው።

«እጅሽን ምን ሆንሽ፣ እትዬ?» አልኳት።

«ማንቆርቆሪያው አቃጥሎኝ ነው» አለች፤ ቀና ብላ ግን አላየችንም።

ቅዳሜ መጥቶ ሄደ፤ ስለ ክፍሉ የተነፈሰ የለም። ይቅርታም አልጠየቀች። ደምሴ ቁስሉ ቀስ በቀስ ደርቆ ክኒኑን መዋጥ ቻለ።

ለልጆቼ ዘወትር የምነግራቸው ይህንን ነው፦ በሽታ ቤት ሲገባ ጥፋተኛ ከመፈለጋችሁ በፊት ደካማውን ጠብቁ። ያን ጊዜ ሁላችንም ከደምሴ ስንሸሽ፣ ከእኛ ሊጠበቅ የሚገባው እሱ ነበር።

ደምሴ ዛሬ ቴፒ የራሱ የቡና ማሳ አለው። እሑድ ሊጠይቀን ቀጠሮ ነበረን። ትናንት ደውዬ «ልጅቷ እስኪሻላት አትምጣ» አልኩት።

«እሷን ከኔ ልትጠብቅ ነው?» አለኝ።

«አንተን ከእሷ ነው፣ ወንድሜ።»

ሳቀ። ቢስቅም ያ ጥያቄው አብሮኝ አደረ። ይህን ያህል ዓመት ተዋውቀን እኔን መጠርጠሩ አላስቀየመኝም፤ ጥርጣሬውን ከየት እንደተማረው አውቃለሁ።