ቅርፊት የሌለው እንቁላል

ታጣቂዎች የያዙኝ ከጋሸና ወደ ላሊበላ ስመለስ ነው። የዶሮ እርባታ ባለሙያ ነኝ፤ በአንድ መንደር ስልጠና ሰጥቼ መምጣቴ ነበር። ከመኪናው አውርደው መታወቂያዬን አዩ፣ ስልኬን ተቀበሉኝ፣ "ለአጭር ጥያቄ ነው" አሉኝ። አጭሩ ጥያቄ አራት ወር ወሰደ።

ያስገቡኝ ሌሎች እስረኞች የታጎሩበት የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። መስኮት የለውም። ብርሃን የሚገባው በቆርቆሮው በር ስንጥቅ ብቻ ስለሆነ እዚያ ሥር በየተራ እንቀመጥ ነበር። ከመጣበባችን የተነሳ አንዱ ሲገላበጥ ሌላውም መገላበጥ ነበረበት። በሁለተኛው ወር ጉልበቴ እየከዳኝ ግድግዳ ይዤ መነሳት ጀመርኩ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የታጣቂዎቹ አዛዥ አስጠራኝ። ከቢሮው ጀርባ በጣውላ ሳጥን ያጎራቸው ዶሮዎች ነበሩት።

"ባለሙያ ነህ አሉኝ። እስቲ ይህን ተመልከት" ብሎ አንድ እንቁላል እጄ ላይ አኖረ። ቅርፊት የለውም፤ በስስ ሽፋን ብቻ የተያዘ፣ ገና ሙቀቱ ያልለቀቀው ነበር። አንዷ ዶሮ በጎኗ ተጋድማለች። አንስቼ ላቆማት ብሞክር እግሯ አልሸከም አላት።

"ምንድን ነው የሚበሉት?" አልኩት።

"ፉርሽካ።"

"ሌላስ?"

"ዶሮ ሌላ ምን ይበላል?"

ካልሲየም እንዳነሳቸው ነገርኩት። ዶሮ ከመኖዋ ያጣችውን ከገዛ አጥንቷ እየቀነሰች ለእንቁላሏ እንደምትሰጥ፣ አጥንቷ ሲሳሳ እንዲህ እንደምትወድቅ አስረዳሁት። ከዚያ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ከተያዝኩ ወዲህ ወንበር ላይ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነበር።

"እዚሁ ዶሮዎቹን ብትንከባከብ ይሻልሃል። ቀን ቀን ውጭ ትውላለህ" አለና ወረቀት አወጣ። አብራኝ ስልጠና የምትሰጠው ባልደረባዬ በየመንደሩ የጠላት መልእክት ታደርስ ነበር ይላል። ከታች ስሜ ተጽፏል። የቀረው ፊርማዬ ነው።

ፀሐይዋ ጀርባዬን ታሞቀኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር እስክሪብቶውን አንስቻለሁ። ጫፉ ወረቀቱን ነክቷል።

"እሷ ያደረሰችው መኖ ነው" አልኩና መልሼ አስቀመጥኩት።

"እንግዲያው ግባ።"

ጠባቂው ክንዴን ሲይዘኝ ወደ አዛዡ ዞርኩ። "የምትበሉትን እንቁላል ቅርፊቱን አትጣሉት። አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ደቁሳችሁ ከፉርሽካው ጋር ስጧቸው። ከሳጥኑም ይውጡ።"

ሳቀ። "አሁንም ለዶሮ ታስባለህ?"

"እነሱ ምን አጠፉ?"

መጋዘኑ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ገበሬ "ፈረምክ ልጄ?" አሉኝ።

"አልፈረምኩም አባ።"

ከበሩ ሥር ተነሥተው ተራቸውን ለቀቁልኝ።

በአራተኛው ወር ያለምንም ማብራሪያ ለቀቁኝ። ያቺ ባልደረባዬ ዛሬም እዚሁ ላስታ ትሠራለች። ቅዳሜ ገበያ ስንገናኝ "እንዴት ከረምክ?" ትለኛለች፤ ስለ ልጆቿ ታጫውተኛለች። ስለ ወረቀቱ እስካሁን አልነገርኳትም። ከነገርኳት እስክሪብቶውን ማንሳቴንም መንገር ይኖርብኛል።