ነጅዋ ከዝርዝር የወጣችበት ስብሰባ

ጸሐፊ አይናገርም። ይህ የትም የተጻፈ ሕግ አይደለም፤ እኔ ግን የቀበሌያችንን ቃለ ጉባኤ አሥራ አራት ዓመት ስይዝ አንድ ቀን እጄን አውጥቼ አላውቅም። በልጅነቴ እስጢፋኖስ ገዳም ነው የተማርኩት። ቅስናው አልሆነልኝም፣ የእጅ ጽሑፉ ቀረልኝ። በሐይቅ ከተማ እንደ አሻግሬ አሳምሮ የሚጽፍ የለም ይላሉ። ይበሉ! መጀመሪያ ምን እንዳሳመርኩ ልንገራችሁ፣ ከዚያ ታመሰግኑኛላችሁ።

ነጅዋ የአምባሰል ልጅ ናት፣ ከውጫሌ ወዲያ ካለ ገጠር። ሀሚዱ አሳ ሊሸጥ ውጫሌ ገበያ ሲመላለስ አይቷት፣ ሽማግሌ ልኮ ሐይቅ አመጣት። ሁለት ልጅ ወለዱ። አንዷ ዐረብ አገር ሄዳ ድምጿ ጠፋ፣ አንዱ በጦርነቱ ጊዜ እንደወጣ አልተመለሰም። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑ ብዬ አይደለም፤ በኛ ሰፈር እንዲህ ያልሆነበት ቤት ጥቂት ነው። ከዚያ ሀሚዱን ስኳር ያዘው። ከጀልባው ወረደ፣ ቤት ዋለ፣ በየቀኑ መርፌ የሚወጋ ሰው ሆነ።

ሴፍቲኔት የሚባለው የመንግሥት የጉልበት ሥራ ከተማችን ሲገባ መጥረጊያ ከጨበጡት የመጀመሪያዋ ነጅዋ ናት። ከመናኸሪያው እስከ ገበያው መታጠፊያ ያለው አስፋልት የሷ ነበር። ነፋሱ ከሐይቁ በኩል ሲነሳ ሌሎቹ ሴቶች ይራገማሉ፤ እሷ ፊቷን አዙራ ነፋሱ በሚሄድበት ትጠርጋለች። «ከሱ ጋር ተጣልቼ የት ልደርስ!» ትላለች። ባጃጅ ነጂዎቹን ደግሞ «ተነሱ እስቲ፣ እንጀራዬ ላይ ነው የቆማችሁት» እያለች ትተርባቸዋለች፤ እየሳቁ ይነሱላታል።

ሲከፋት የሰማ ግን የለም። እንዴት አደርሽ? አልሐምዱሊላህ። ቤትሽስ? አልሐምዱሊላህ። ሀሚዱስ? አልሐምዱሊላህ፣ ይኸው አለ። እኛ አገር እንዲህ ነው። ክርስቲያኑ ተመስገን ይላል፣ እስላሙ ሹክር ያደርጋል፣ ማልቀሻው ቤት ነው። ሰው ፊት ቆሞ አጣሁ ማለት ፈጣሪን መክሰስ ነው። የባሰበት ሰው ለአንድ ሰው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በር ላይ ይናገራል።

ለኔም በር ላይ ነው የነገረችኝ። ስብሰባው ሊደረግ አራት ቀን ሲቀረው መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ጠራችኝ።

«ጋሽ አሻግሬ፣ የሀሚዱ አውራ ጣት ጠቁሯል። ሽታም አለው። ደሴ አድርሺው ብለውኛል።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ካርዷ አልታደሰችም። ያለሷ ደሴም የለ፣ መርፌውም የለ። አንተ እዚያ ነህና ስሜን እየው።»

ካርድ ያለችው የጤና መድኑን ነው። የቻለ በየዓመቱ ያዋጣል፣ ሲታመም በካርዱ ይታከማል። ማዋጣት ላልቻለው መንግሥት ይሸፍንለታል፤ አልቻለም የሚባለው ማን እንደሆነ ግን ሕዝቡ ተሰብስቦ በእጅ ነው የሚወስነው። ዝርዝሩን ራሴ ስለጻፍኩት አውቀው ነበር።

«ሰባተኛ ነሽ፣ አብሽሪ» አልኳት። መጥረጊያዋን አንስታ ሄደች።

አሁን ስለ አዳራሻችን ልንገራችሁ። አንድ በር አለው፣ ከበሩ ፊት ለፊት ትልቅ መስኮት አለው። ከምርጫው ወዲህ መንግሥትን የሚደግፈው በር በኩል፣ የሚቃወመው መስኮት በኩል ይቀመጣል። እንዲህ ተቀመጡ ያለ የለም፣ እንዲሁ ሆነ። ሃይማኖትም አይደለም የለያቸው፤ በሁለቱም ወገን ጥምጣምም ኮፍያም አለ። አንድ ሰው ሲናገር ምን አለ አይባልም፣ ከየት ተነስቶ ነው የተናገረው ነው የሚባለው። አንድ ጊዜ አንዱ ምስኪን በሩ ጋ ቦታ ሞልቶበት መስኮቱ ጋ ቢቀመጥ «ተገለበጠ» ተብሎ ሦስት ወር ሰላም የሚለው አጥቶ ከርሟል። እኔ መሀል፣ ሰብሳቢው አጠገብ ነኝ፤ ጠረጴዛ አለኝ።

የዚያን ቀን አጀንዳው ሁለት ነበር፦ ሴፍቲኔቱ ይቀጥል ወይ፣ የጤና መድኑስ አዲስ አሠራር እንዴት ይሁን። ሐሳባችሁ ወደ ላይ ይላካል ተብለን ነው የተሰበሰብነው። የነፃ ታካሚዎቹ ዝርዝር መጨረሻ ላይ ይጸድቃል። ሰባተኛዋ ነጅዋ ኋላ፣ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣ ነበር።

ከበር በኩል መምህር ገብረ ኢየሱስ ተነሱ። ጡረታ የወጡ የኅብረተሰብ ትምህርት መምህር ናቸው፣ ግማሹን አዳራሽ ያስተማሩ። «መንግሥት ለድሃ ሥራ ሰጠ፣ ሕክምና ሰጠ፤ ዐይን ያለው ይይ!» አሉ። ተጨበጨበላቸው።

ከመስኮት በኩል እህል ነጋዴው አብዱልከሪም ተነሳ። «ሥራ ነው ይሄ? መጥረጊያ አስይዞ ድሃን ድሃ አድርጎ ማኖር ነው! መጥረጊያ የሰጣችሁት ሰው በምርጫ ቀን የት እንደሚሰለፍ ስለምታውቁ ነው!» ለሱም ተጨበጨበለት።

እንዲህ እያሉ ሁለት ሰዓት ሄደ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ስለ ሴፍቲኔት የተናገረ ሰው ሁሉ ስለ ሌላኛው ወገን ነበር የሚናገረው፣ ስለ ጤና መድን የተነሳውም እንደዚያው። እኔ እጽፋለሁ። ድሮ ድሮ ደሜ ይፈላ ነበር፤ አሁን እጄ ብቻ ነው የሚሄደው።

በመጨረሻ መምህር ገብረ ኢየሱስ «ለምን እኛ እንከራከራለን? ራሳቸውን እንጠይቃቸው!» አሉ። ከመስኮት በኩልም «ይጠየቁ! ይጠየቁ!» ተባለ። የሁሉም ዐይን ዞረና ነጅዋ ላይ አረፈ፤ ብርቱካናማውን የሥራ ሰደርያ ለብሳ ስለመጣች ትታያለች።

ሰብሳቢው ድምፅ ማጉያውን ላከላት። ልጅ እግር ነው፣ ከሌላ ወረዳ የመጣ። «እናቴ፣ ተነሺና ለሕዝቡ ተናገሪ። ተቸግረሻል ወይስ አልተቸገርሽም?»

ይህን ጥያቄ ለወሎ ሴት በአራት መቶ ሰው ፊት!

ነጅዋ ተነሳች። ሻሿን አስተካከለች። ማጉያውን ከአፏ አርቃ ይዛ «አልሐምዱሊላህ» አለች። «አላህ ምን አጎደለብኝ? ምንም አልጎደለብኝም። ሹክር ነው።» ተቀመጠች።

አዳራሹ ውስጥ ያለው ሁሉ ምን ማለቷ እንደሆነ ያውቃል። ሀሚዱ እንዴት እንደሆነም ሰፈሩ ያውቃል። መምህሩም ያውቃሉ፣ አብዱልከሪምም ያውቃል፤ ጎረቤቷ ነው።

በር በኩል አዳራሹ እስኪናጋ አጨበጨበ። «ሰማችሁ? ፕሮግራሙ ከድህነት አወጣት! ተመረቀች!» አሉ መምህር ገብረ ኢየሱስ። ሴፍቲኔት ላይ ራሱን ቻለ ተብሎ የሚወጣ ሰው ተመረቀ ነው የሚባለው።

አብዱልከሪም ብድግ አለ። «ካልተቸገረች ታዲያ ነፃ ታካሚ ዝርዝር ላይ ምን ታደርጋለች? ይኸው ነው እኮ የምንለው! ዝርዝሩ የወገን ነው!»

መምህሩ ዝርዝሩ የወገን ነው መባልን ሊውጡት አልቻሉም። «እንግዲያው ትውጣ! በኛ በኩል የሚደበቅ ነገር የለም» አሉ።

«ትውጣ!» አለ መስኮት በኩል።

እጅ ይውጣ ተባለ። ከበርም ከመስኮትም ወጣ። በሩ ድል ያደረገ መሰለው፣ መስኮቱም ድል ያደረገ መሰለው። እኔ ብዕሬን አንስቼ ጻፍኩ፤ «ወይዘሮ ነጅዋ ምንም እንዳልጎደለባቸው በራሳቸው አንደበት ስለገለጹ፣ ከሥራውም ከነፃ ሕክምናውም ተመርቀው እንዲወጡ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።» ሲያልቅ ቃለ ጉባኤው ይነበባል፣ ደንቡ ነው። ቆሜ አነበብኩት። ድምፄም ጥሩ ነው ይላሉ። አንድ ሰው እርማት አለኝ አላለም፤ ጸሐፊውም አላለም።

በማግስቱ ጠዋት ሰደርያዋን አጥባ፣ አጣጥፋ፣ ከመጥረጊያው ጋር ልትመልስ መጣች።

«ጋሽ አሻግሬ፣ ምን ብለህ ነው የጻፍከው?»

«ያልሽውን።»

«እኔ እኮ ሹክር ነው ያደረግሁት። ሰው ፊት አላህን ልክሰስ?»

«አውቃለሁ።»

«አውቀህ ነው የጻፍከው?»

«አውቄ ነው።»

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትሰድበኝ በወደድኩ! ሰደርያውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና «ደግ» ብላ ወጣች። ያኔ ያፈርኩት እፍረት እስካሁን ከፊቴ አልወረደም። ግን ሥራ ነበረብኝ፣ ቁጭ ብዬ ሥራዬን ሠራሁ።

ወደ ዝርዝሩ እንድትመለስ ማመልከቻውን እኔው ጻፍኩላት። ጉባኤ የወሰነውን የሚሽረው ጉባኤ ነው ተባለ። ጉባኤው እስኪጠራ አብዱልከሪም ነገሩን ሰማ፤ ሮጦ ቤቷ ሄዶ የሀሚዱን እግር በስልኩ ቀረጸና ፌስቡክ ላይ ለቀቀው። ክፋት አስቦ ነበር አልልም፣ ልቡ ተነክቶ ይሆናል። ነገር ግን ከሥሩ የጻፈው «የተመረቁት ይህን ይመስላሉ» የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ የሀሚዱ እግር የመስኮት በኩል እግር ሆነ። በር በኩል ያሉት «ይህ ፖለቲካ ነው፣ ይህን ማመልከቻ የሚደግፍ ማን እንደሆነ እናያለን» አሉ። መምህር ገብረ ኢየሱስ በየመንገዱ ሲያገኙኝ ዐይናቸውን ይሰብሩ ነበር። ስብሰባው አንድ ጊዜ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም ተብሎ፣ አንድ ጊዜ የጸጥታ ሁኔታ ተብሎ ቀረ። እኔም «ተላልፏል» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ።

መርፌው አለቀ። ነጅዋ የሰው ልብስ ማጠብ ጀምራ ነበር፣ አልደረሰላትም። እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሲጠቁር ቅሬው አዋጥቶ ሀሚዱን ደሴ ወሰደው። ቅሬ ለቀብር ነው የሚያዋጣው፤ በሕይወት ላለ ሰው ሲያዋጣ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሐኪሞቹ ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። ዘግይታችኋል አሉ። በዘጠነኛው ቀን ሞተ።

ቀብሩ ላይ ከሁለቱም ወገን ያልመጣ የለም። አብዱልከሪም መቃብር ገብቶ ቆፈረ። መምህር ገብረ ኢየሱስ ከኛ ከክርስቲያኖቹ ጋር ራቅ ብለው ቆመው አለቀሱ፣ የምር እንባ ነበር። እኔ አላለቀስኩም። ደረቴ ውስጥ ባዶ ጆንያ ያለ ይመስለኝ ነበር። ነጅዋን ሴቶቹ ይዘዋት ቤት ቀርታለች።

ዓመቱ ዞረና ስብሰባው መጣ። ያው አዳራሽ፣ ያው በርና መስኮት፣ ያው አጀንዳ። የሴፍቲኔቱ ክርክር ካለፈው ዓመት ብሶ ነበር፤ አንድ ወንበር ተሰብሯል። የነፃ ታካሚዎች ዝርዝር ሲነበብ ግን የመጀመሪያው ስም «ወይዘሮ ነጅዋ፣ ባላቸው የሞተባቸው» የሚል ሆነ። ማን እንዳስገባው አልጠየቅሁም። ከበር በኩል መምህር ገብረ ኢየሱስ እጃቸውን አወጡ። ከመስኮት በኩል አብዱልከሪም አወጣ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። የተቃወመ የለ፣ ድምፀ ተዓቅቦ የለ። እሷ አልመጣችም ነበር፤ የጠየቃትም የለም። እኔ ጻፍኩ፣ አሳምሬ።

ካርዱን ቤቷ ድረስ ይዤላት ሄድኩ። ደጃፏ ላይ የሰው አንሶላ እየጨመቀች ነበር። እጇን በቀሚሷ አድርቃ ተቀበለችኝ፣ ገልበጥ አድርጋ አየችው። ፎቶዋ አለ፣ ማኅተሙ አለ። የቤተሰብ አባላት በሚለው ቦታ ምንም የለም።

«ይህቺ ደሴም ትሠራለች?» አለችኝ።

«ትሠራለች። ሁሉም ጋ ትሠራለች።»

ካርዱን መልሳ አየችው።

«እኔን እኮ አሞኝ አያውቅም፣ ጋሽ አሻግሬ።»

የካርድ መረከቢያ መዝገቡን ገልጬ ያዝኩላትና እዚህ ጋ ፈርሚ አልኳት።